ስም ይዘሽ ነይ

ወገኖቼ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ደሴ ውስጥ። እጇ ለስላሳ፣ ሥራዋ የተመሰገነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ቤቷ መቀመጫ አይገኝበትም ነበር።

ይህች ሴት የደንበኞቿን ስም አትይዝም። ፊት ለፊት ሁሉም «የኔ ቆንጆ» ናቸው። ዞር ሲሉ ግን ፎረፎራሟ፣ ሽበታሟ፣ ያቺ ነጭናጫዋ። ክፉ ሆና አይደለም። ሰው በዛባት፤ ለመደችው። እኛስ ስንቱን እንዲሁ ለምደነው የለ?

ከደንበኞቿ አንዷ አጸደ ትባላለች፤ አርባ ዓመት ያለፋት ዝምተኛ ሴት። የመጀመሪያ ቀን «አጸደ እባላለሁ» ብላ እጇን ዘርግታላት ነበር። ፀጉር ሠሪዋ እጇን ጨበጠች፤ ስሟን ግን አልያዘችም። አጸደ በየአሥራ አምስት ቀኑ መጣች፤ አራት ዓመት ሙሉ። አራት ዓመት!

በመጨረሻ ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። «ምን ሆነሽ ነው የኔ ቆንጆ?» አለቻት። «የመድኃኒቱ ነው» አለች አጸደ፤ ሌላ አልጨመረችም። እሷም ደግማ አልጠየቀቻትም።

አንድ ቅዳሜ አጸደ አንገቷን መታጠቢያው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ውሃው ይፈስሳል። የፀጉር ሠሪዋ ባልደረባ ሉባባ ከወዲያ ጥግ ሆና «ተረኛዋን ላስገባልሽ?» ብላ ተጣራች።

«ቆይ፣ መላጣዋን ልጨርስ!»

ውሃው ድምፄን ይሸፍነዋል ብላ ነው። አልሸፈነውም። አጸደ ዓይኗን ገለጠች።

«አራት ዓመት ራሴን ይዘሻል» አለቻት ቀስ ብላ። «ስሜ ማን ነው?»

«የኔ ቆንጆ…» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ሆስፒታል በአልጋ ቁጥር ነው የሚጠሩኝ። እዚህ ስመጣ እንኳ ሰው ነኝ እል ነበር» አለችና ሻሿን እርጥብ ራሷ ላይ አስራ ወጣች። ዳግም አልመጣችም።

ከዚያ ወዲህ ፀጉር ሠሪዋ እህል አልወርድ አላት። ሉባባን ጠየቀች፣ ሌሎቹን ጠየቀች፤ ስሟን የሚያውቅ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ታገለችና አንድ ከሰዓት ብርቱካን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ዘበኛው በሩ ላይ አቆማት።

«ማንን ልትጠይቂ ነው?»

«አንዲት ሴት… ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯ የረገፈ።»

«ስሟ?»

«ባያት አውቃታለሁ።»

«እህቴ፣ እዚህ ፀጉሯ የረገፈ አንድ ብቻ መሰለችሽ? ስም ይዘሽ ነይ።»

ብርቱካኗን ይዛ ተመለሰች።

ወር ሳይሞላ ጥቁር የለበሰች ሴት ፀጉር ቤቱ ገባች። ተቀመጪ ብትባል አልተቀመጠችም። «በለጡ ማናት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«የአጸደ እህት ነኝ። ማክሰኞ ቀበርናት። ‹በለጡን ተቀይሜያት ወጣሁ፤ ብትመጣ ደስ ይለኝ ነበር› ስትል ነው የሰነበተችው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር።»

«መጥቼ ነበር» አለች በለጡ። «እግዜር ያውቃል፣ በር ድረስ መጥቼ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትገቢ?»

«ስሟን ጠየቁኝ።»

እህትየው ትክ ብላ አየቻት። ወጥታ ሄደች።

አያችሁ ወገኖቼ? አጸደ የበለጡን ስም ይዛ ሞተች። በለጡ ጸጸት ነበራት፤ እግሯም ደርሶ ነበር። ስም ግን አልያዘችም። ዛሬ ወንበሯ ላይ የምትቀመጠውን ሁሉ በስሟ ትጠራለች። ያ አጸደን አይመልስላትም፤ ይመልስላታል ብዬ አልዋሻችሁም።

እናንተ የሰው ራስ በእጃችሁ የምትይዙ እህቶቼ፣ የማንን ራስ ነው የያዛችሁት? እናንተስ ወንድሞቼ፣ ቤታችሁ ልብስ የምታጥበው ሴት ማን ትባላለች? «ሠራተኛዋ» አትበሉኝ! እግዚአብሔር በስሜ ያውቀኛል ብላችሁ የምትጸልዩ፣ እዚሁ አግዳሚ ላይ ለዓመታት አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ስሙ ማን ነው?

እኔ እዚህ ላይ ዝም ልበል። እናንተ ዞር በሉና ጠይቁት።