የአያ ጅቦ ዝግባና የቀበሮ ደቦ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ጉድጓድ ነበረው። አባቱም አያቱም እዚያው ጥላ ሥር ጠግበው ያንኮራፉ ናቸው። እሱ ግን ባለው መች ይረካል? ጅብ አይደል!

ታዲያ አንድ ቀን ቀበሮ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተሸክሞ ከተፍ አለ።

«አያ ጅቦ፣ እርስዎን የሚያህል ጌታ በአንድ ዛፍ ይወሰናል? ይህ እኮ በጥቂት ክረምት ሰማይ ይነካል። ደቦ ይጥሩና ዙሪያውን እንትከልልዎ!»

ልብ በሉ፤ ደቦ የጠራ ያበላል። ቀበሮም ዓይኑን የጣለው አያ ጅቦ በደበቀው የበሬ ሥጋ ላይ ነው እንጂ ዛፉ ቢበቅል ባይበቅል ምን ገዶት!

ኑሮው ከመሬት በታች የሆነው ፍልፈል ይህን ሰምቶ ብቅ አለ።

«ተው አያ ጅቦ! ዝግባህ ለብቻው አልቆመም። ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ቀጭን ክር አለ፤ የእንጉዳይ ወገን ነው። ሥሩ የማይደርስበትን ውሃና ምግብ እየሳበ ያቀብለዋል። ያ እንግዳ ዛፍ አፈሩን ከለወጠው ክሩ ያልቃል።»

አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ክር? ዝግባ ነው ወይስ ጋቢ? ሂድ ለሸማኔ ንገር!»

ደቦው ተጠራ። ቀበሮ አንዲት ችግኝ ተክሎ ሦስት ጊዜ በላ።

ባሕር ዛፉ እውነትም ተመዘዘ። አያ ጅቦም አንገቱን እስኪያመው ሽቅብ እያየ ሲኩራራ ከረመ። ዓመታት አልፈው ግን ዝግባው በክረምት ቅጠሉን ያረግፍ ጀመር። አያ ጅቦ ክው አለ። የአባቱ ቤት ሊፈርስበት ነው!

«ምን ይሻለኛል?» ቢል፣ ቀበሮ ከንፈሩን እየላሰ፣ «ታዲያ ይኼ ምን ያስጨንቃል? ሌላ ደቦ ይጥሩና ባሕር ዛፉን እንንቀለው!» አለው።

ተነቀለ። ያለችውም ሥጋ ተበላች።

አያ ጅቦ እያለከለከ ወደ ፍልፈል ሮጠ። «ይኸው ነቀልነው! በል ክሩን መልስልኝ!»

ፍልፈል ገብቶ ቆፈረና አዝኖ ወጣ። «ክር በደቦ አይመጣም፣ አያ ጅቦ። ምናልባት የልጅ ልጆችህ ያዩት ይሆናል።»

በሳምንቱ ዝግባው እንዘጭ ብሎ ወደቀ፤ ጉድጓዱም ተደረመሰ። አያ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ ተቀምጦ እያለቀሰ፣ «ቀበሮ ሆይ፣ ድረስልኝ! ቤቴን አብረን እንቆፍር!» ብሎ ተጣራ።

ቀበሮ ከማዶ ሆኖ፣ «የሚበላ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም የለም!»

«ውይ፣ እኔን! ዛሬ እኮ ወገቤን አሞኛል።»

ከዚህ የምንማረው ከላይ ፈጥኖ ባደገው ከመማረካችን በፊት፣ ከታች ሳይታይ የሚያኖረንን ማወቅ እንዳለብን ነው።