የእመት አህዪት ፓርቲና የወንዙ ግብር

አንድ ጊዜ፣ ሥራ አስፈትቶ ቢያስቀምጣችሁ እንኳ የማያስቆጭ ጉድ በአንድ ወንዝ ዳር ሆነ፤ ልንገራችሁ።

አያ ጅቦ የወንዙ ሹም ነበር። «ውሃ የጠጣ ሁሉ አንድ አጥንት ግብር ይክፈል» ብሎ አወጀ። ግብር ማለት መቼም ለጋራ ጥቅም የሚዋጣ ነው፤ አያ ጅቦ ግን የጋራ የሚለው የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋውን ነበር።

ሣር በሊታዋ እመት አህዪት ጭንቅ ያዛት። «አያ ጅቦ፣ እኔ ያለኝ አጥንት እኮ ቆዳዬ ውስጥ ያለው ብቻ ነው» አለችው።

«እሱም ይሆናል» አላት ምራቁን እየዋጠ። «እስከ ዘንድሮው የሹም ምርጫ ማግስት ታግሼሻለሁ።»

ይሄኔ አህዪት ፓርቲ አቋቋመች። አባላቱ እሷ፣ ጥንቸልና ኤሊ ናቸው፤ ኤሊ ለመጀመሪያው ስብሰባ ገና መንገድ ላይ ነበረች። ዓላማቸው አህዪት ተወዳድራ ሹም እንድትሆን፣ ግብሩ እንዲቀር፣ የምርጫውም ሥርዓት እንዲለወጥ ነው። ሹም የሚመረጠው በጩኸት ነበራ! ደጋፊዎቹ አብልጠው የጮሁለት ያሸንፋል፤ አያ ጅቦ ደግሞ ሰባት ወንድሞች አሉት።

«እኔስ አናፋለሁ፤ ጥንቸል ምን ብላ ትጮሃለች?» አለች አህዪት።

የቀበረችው አጥንት በግብር እያለቀባት የተንገበገበችው እመት ቀበሮ ይህን ሰማች። «እሱን ለእኔ ተዪው» ብላ ወደ አያ ጅቦ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ዘንድሮ በአጥንት እንምረጥ። አጥንቱን እኔ አድላለሁ፤ መራጩ በወደደው ተወዳዳሪ ቅርጫት ይጨምር፤ ቅርጫቱን ባለቤቱ ይጠብቅ።»

አያ ጅቦ ከዚህ ሁሉ የሰማው «አጥንት» የምትለዋን ብቻ ነበር። «ግሩም ማሻሻያ ነው» አለ።

የምርጫው ቀን ሰባቱ ወንድሞች እንደ ምንም ችለው ሰባት አጥንት ጨመሩለት። ለአህዪት የጨመሩት እሷው ራሷ፣ ጥንቸልና ቀበሮ ናቸው። ኤሊ አልደረሰችም፤ ሌላው እንስሳ ጅብ ፈርቶ ቀረ። አህዪት ሰባትና ሦስትን እያሰበች እግሮቿን አንድ በአንድ ተሰናበተቻቸው።

አያ ጅቦ ግን ቅርጫቱን ሲጠብቅ አንዷ አጥንት ሸተተችው። «አንድ ብቀምስ ማን ያውቃል?» ቀመሰ። ሁለተኛዋን ለመጀመሪያዋ ማወራረጃ አደረጋት።

ማታ ዳኛው አንበሳ ቆጠረ። «የአህዪት፣ ሦስት። የአያ ጅቦ…» ቅርጫቱን ገልብጦ አራገፈው። «ባዶ።»

«ሰባት ነበር» አለ አያ ጅቦ፣ ከጥርሱ ስንጥር እየነቀለ።

«ታዲያ የት ገባ?»

«ብቻ ትንሽ ጨው አንሶት ነበር።»

አህዪት የቀረውን አልሰማችም፤ ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ በነፃ ትጠጣ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ጮሆ ከመምረጥ ቆጥሮ መምረጥ እንደሚበልጥና አደራ በሊታን ሆዱ ራሱ እንደሚጥለው ነውና፣ እናንተም የክፍል አለቃ ስትመርጡ እስቲ ሞክሩት፤ ብቻ በጠጠር እንጂ በበቆሎ እንዳታደርጉት።