አሻራ የለሽም የተባለችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። አንሶላ ታጥባለች፣ ጋዋን ታጥባለች። ደም የነካውን፣ መግል የነካውን፣ እኛ ዓይናችንን የምንመልስበትን ጨርቅ ሁሉ ታጥባለች። ዕድሜዋን በሙሉ እጇ ከበረኪናና ከፈላ ውኃ ወጥቶ አያውቅም።

ይህች ሴት አንድ ወንድም አላት፤ ጌጡ ይባላል። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው፤ ሰው ሞተ፤ ተፈረደበትና ወኅኒ ቤት ገባ። ሚስቱ ትታው ሄደች። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሰሞን መጡ፤ ከዚያ ጠፉ። የቀረችው እህቱ ብቻ ናት። በየእሑዱ ከቅዳሴ ስትወጣ ምሳውን ይዛ ትሄዳለች። በሽቦው መካከል ሆነው ያወራሉ። ምን ያወራሉ? ምንም። የሰፈር ወሬ፣ የልጅነት ነገር፣ የእናታቸውን አነጋገር እያነሡ ይሥቃሉ። ለእስረኛ ግን ይህ ምንም አይደለም? እናንተ ንገሩኝ።

ኋላ ጌጡ ታመመ። ኩላሊቱን። ፊቱና እግሩ አበጠ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእህቱ የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው አልፎ ኖሮ፣ የወኅኒው በር ጠባቂ መለሳት።

«እታለም፣ ምን ላድርግሽ? ትእዛዝ ነው። ባልታደሰ መታወቂያ አንቺም አትገቢም፣ ስንቁም አይገባም።»

«ወንድሜ ታሟል እኮ።»

«አውቃለሁ። ሄደሽ አሳድሺና ነይ።»

እሷም ምን ከባድ ነገር አለው ብላ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ተመለሰች። በማግሥቱ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች።

መታወቂያ ክፍል ውስጥ አቶ ሲራክ የሚባል ሰው ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር አለ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ የተያያዘች የአሻራ ማንሻ መሣሪያ አለች። አዲሱ መታወቂያ ያለ አሻራ አይሰጥም።

«ጣትሽን እዚህ ላይ» አላት።

አስቀመጠች። ኮምፒውተሩ «ዱም» የሚል ድምፅ አሰማ። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። አቶ ሲራክ ሳያነበው ጠቅ አድርጎ አጠፋው።

«ድገሚ።»

ደገመች። ዱም። ጠቅ።

«በደንብ ተጫኚው እንጂ! ጣት የለሽም እንዴ?»

ተጫነች። ዱም። ጠቅ።

አቶ ሲራክ እጇን ገልብጦ አየው። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ አጣቢ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እህ! በዪኛ! ይኸ አልቋል። አሻራ የለሽም። ማሽኑ አያውቅሽም።»

ይህን ያለው በሹክሹክታ አልነበረም። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። የሣቀም ነበረ። ሴትዮዋ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ሰርቃ እንደተያዘች ሆነች። ያን «ዱም» የሚል ድምፅ የእጇ ጥፋት ድምፅ አድርጋ ወሰደችው።

ስሙኝ እንግዲህ። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ቀረበ። ጣቱን አስቀመጠ። ዱም! ያው ድምፅ! ያው ጽሑፍ ጥግ ላይ ብቅ አለ! አቶ ሲራክ ምን አለው መሰላችሁ? አሻራ የለህም አለው? ሥራህ ምንድን ነው አለው? የለም! ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ዛሬ ሲስተሙ አስቸግሮናል፤ ነገ በጠዋት ብቅ ይበሉ፣ ቶሎ እጨርስልዎታለሁ» አለው።

ያው መሣሪያ ነው። ያው ገመድ ነው። ያው ድምፅ ነው። ለባለ ከረባቱ ጥፋቱ የሲስተሙ ሆነ፤ ለአጣቢዋ ግን ጥፋቱ የእጇ ሆነ። እሱን «እርስዎ» አለው፤ እናቱ የምትሆነውን ሴት «አንቺ» አላት። ይህ አያስቆጣም? ካላስቆጣችሁ ምን ሊያስቆጣችሁ ነው?

እሷ ግን አልተቆጣችም። አመነችው። ክፋቱ ይህ ነው! ለደካማ ሰው «ጥፋቱ ካንተ ነው» ስትሉት ያምናችኋል። ከሥር ሆኖ ሲኖር ጥፋቱ የእሱ ነው ሲባል ስለኖረ ያምናችኋል።

እሺ ምን ላድርግ ብላ ለመነችው። «እኔ ምን አውቄ? በሎሚ እሺው፤ ቫዝሊን ቀቢው፤ ሲመለስልሽ ትመጫለሽ» አላት። አሻራ እንደ ሄደ እንግዳ ይመለስ ይመስል!

ሄዳ በተሰነጠቀው ቆዳዋ ላይ ሎሚ አሸች። እንዴት እንዳቃጠላት እሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ። ቫዝሊን ቀብታ በላስቲክ ጠቅልላ አደረች። ከሥራ ወጥታ ተመልሳ ሄደች። ዱም። ጠቅ። «ገና ነው፣ እናቴ።» ሌላ ሳምንትም ሄደች። ዱም። ጠቅ። «አልኩሽ እኮ!» በመጨረሻ ተረከዝ የሚፈገፈግበትን ሸካራ ድንጋይ አነሣች። ላዩ የሞተ ቆዳ ቢሆን ነው፣ ከሥሩ ደህናው ይወጣል ብላ የጣቶቿን ጫፍ ፈገፈገች፤ እስኪደማ ፈገፈገች።

ያም ሆኖ እሑድ ሲመጣ ከወኅኒው በር አትቀርም ነበር። ምሳውን ይዛ ትቆማለች። ጠባቂው ያዝንላታል፤ አያስገባትም። አንድ ቀን ልጇን ልትጠይቅ የምትገባ ሴትዮ አግኝታ፣ «ለጌጡ ንገሪልኝ፤ እዚሁ በር ላይ ነኝ፤ አሻራዬ አልነሣ ብሎ መታወቂያ ከልክለውኝ ነው በዪልኝ» አለቻት።

ሴትዮዋ ገብታ ነገረችው፤ ስትወጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ምን አለ?»

«ተዪው፣ እህቴ። ሕመም ነው የሚያናግረው።»

«ግዴለም ንገሪኝ።»

«ሰው የሰለቸውን ወንድሙን ለመተው እንዲህ ያለ ውሸት አይፈልግም፤ ሰለቸኝ ብትል ይበቃ ነበር፤ አለ።»

አያችሁ? እውነቱ ከውሸት ይልቅ የማይታመን ሆኖ አረፈው። ደግሞስ ማን ያምናል? ጣት ያለው ሰው አሻራ የለህም ተባልኩ ቢል ማን ያምናል?

በማግሥቱ እንደገና ቀበሌው ሄደች። አሁንስ አሻራ ልትሰጥ አይደለም፤ ጣቶቿ በጨርቅ ታስረዋል። ሌላ መንገድ ካለ ልትለምን ነው። አቶ ሲራክ ስብሰባ ተጠርቶ ወጥቶ፣ በእሱ ቦታ አስካለ የምትባል የልደት ምዝገባ ክፍል ሠራተኛ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ። ጣትዎን ምን ሆነው ነው?»

«አሻራ የለኝም፣ ልጄ። ማሽኑ አላወቀኝም። ላስቸግርሽም አይደል፤ ያለ አሻራ የሚሆን ነገር እንዳለ ብዬ ነው። ወንድሜ ታሟል።»

«ማነው አሻራ የለዎትም ያለዎት?»

«አቶ ሲራክ ናቸው።»

አስካለ ከዚያ ምን አደረገች? ልብ አድርጋችሁ ስሙ። የሴትዮዋን እጅ አልጠየቀችም። የገዛ ራሷን ጣት መሣሪያው ላይ አስቀመጠች።

ዱም!

«ውይ! እኔም አሻራ የለኝም ማለት ነው?» አለችና፣ ብቅ ያለውን ጽሑፍ ሳታጠፋ አነበበችው። ኮምፒውተሩ ከውጭ የተሰካውን መሣሪያ አላወቀውም፣ ይላል። ሴትዮዋን አላወቅኋትም አላለም! መሣሪያውን! ስንት ጊዜ ብቅ ብሎ ተናግሮ ነበር! ያነበበው ሰው ግን አልነበረም።

አስካለ ጎንበስ ብላ ገመዱን ተከትላ ሄደች። ገመዱ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ አልተሰካም። ብዙ ገመድ የሚሰካባት አንዲት ትንሽ ማከፋፈያ ላይ ነው የተሰካው። በዚያችው ማከፋፈያ ላይ ሌላ ምን ተሰክቷል? የአቶ ሲራክ ስልክ! ቻርጅ እየተደረገ ነው። ከሰዓት በኋላ የስልኩ ባትሪ ሲደክም እዚያ ይሰካዋል፤ ስልኩ ያለውን ኃይል ሲስበው መሣሪያዋ ትጠፋለች። ጠዋት ጠዋት የሚመጡት በደህና አሻራ ሰጥተው ይሄዳሉ፤ ከሰዓት የሚመጡት ደግሞ ይመለሳሉ። አጣቢዋ ከሥራ የምትወጣው ከሰዓት ነው።

አስካለ ስልኩን ነቀለችው። የመሣሪያዋን ገመድ ከማከፋፈያው አውጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። አረንጓዴ መብራት በራ። ጣቷን አስቀመጠች፤ አሻራዋ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«አሁን እርስዎ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ እጇን አልሰጥም አለች። ፈራች። ያን ድምፅ ፈራች። አስካለ ራሷ ጨርቁን ቀስ አድርጋ ፈታችላት፤ ያየችውንም አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ያልቆሰሉትን ጣቶች መርጣ አስቀመጠቻቸው። ወጡ! መስመሮቹ ስስ ናቸው፤ ግን አሉ። መሣሪያው እምቢ ያለው የትኞቹን ነው? በድንጋይ የፈገፈገቻቸውን ብቻ! የአቶ ሲራክን ቃል አምና ያቆሰለቻቸውን ብቻ! በቀሩት ተመዘገበች። እዚያው ስሟ ተጠራ፦ እታገኝ።

በዚህ መሐል አቶ ሲራክ ከስብሰባው ተመለሰ። በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ምን ይመስላችኋል?

«ስልኬን ማነው የነቀለው?»

ስልኬን! አቤት!

«እኔ ነኝ» አለች አስካለ። «ይልቅ የእኚህን ሴት ጣት ናና ተመልከት።»

አየ። ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ማሽኑ ነዋ!»

አሁን ማሽኑ ሆነ! ዛሬ ለራሱ ሲሆን ማሽኑ ሆነ!

እታገኝ አልጮኸችም፣ አልረገመችም። «ወንድሜ ውሸታም ብሎኛል» አለችው። ይህን ብቻ ብላ መታወቂያዋን ይዛ ወጣች።

ወኅኒው በር ላይ መታወቂያዋን አሳይታ ገባች፤ ጌጡን ጠሩላት። መጀመሪያ አልመጣም አለ። ኋላ ግድግዳ እየተደገፈ መጣ፤ ሽቦው ጋ ቆሞ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እሷም ምንም ሳትናገር ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከች። በጎን አያቸው። ከዚያ ዞሮ አያቸው።

«ጣትሽን ምን አደረግሽው?»

«ፈገፈግሁት።»

«ለምን?»

«ልገባ።»

ያ ሰው በተፈረደበት ቀን አላለቀሰም ነበር። ያን ቀን አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ እሷ በየቢሮው እየሄደች ስትጮህለት ሆስፒታል ወሰዱት። ተረፈ። አንዱ ኩላሊቱ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብሎ በመጣ» አለ። ቀደም ብሎማ የሚጮህለት ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር!

ምእመናን፣ አሁን በአቶ ሲራክ ተናዳችኋል። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ይሁን፣ ተናደዱ። ነገር ግን ሲራክ ዛሬ እዚህ የለም። እዚህ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

አንተ አባት፣ ልጅህን «ትምህርት አይገባህም» ያልከው፣ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጠህ መጽሐፉን ገልጠሃል? ቤቱን በወሬና በቴሌቪዥን የሞላኸው አንተ አይደለህም? አንቺ እመቤት፣ ሠራተኛዬ ነገር አትሰማም እያልሽ ለጎረቤት የምታወሪው፣ አማርኛ ገና እየለመደች እንደሆነ አንድም ቀን አስበሻል? እናንተ ሽማግሌዎች፣ የተጣሉ ሰዎች ሲመጡ ጥፋቱን ገና ከመቀመጣቸው ለድኻው የምትሰጡት፣ የምትፈርዱበትን ነገር አንብባችሁታል ወይስ ጠቅ አድርጋችሁ አጥፍታችሁታል?

አስካለ ያደረገችው ተአምር አይደለም። የሌላውን እጅ ከመክሰሷ በፊት የራሷን ጣት አስቀመጠች፤ በቃ። ይህ ያቅታል? ይህ ሥልጠና ይፈልጋል? ፍቅር የሌለው ሰው ግን ይህችን ታህል ነገር አያደርጋትም! እግዚአብሔር በእጁ ያበጀውን ሰው «አትታወቅም» ለማለት ማን ሥልጣን ሰጠን?

ልጨርስ ነው። ስሙኝ።

ባለፈው በዓል እዚሁ ዐውደ ምሕረት ላይ አንዲት ልጅ ልትዘምር ወጣች። ድምፅ አልወጣም። ከኋላ የሣቃችሁ አላችሁ። የመዘምራን አለቃው «ድምፅሽ አይሆንም፣ ውረጂ» አላት። ወረደች። ከዚያ ወዲህ እዚህ ግቢ አላየኋትም። ማይክራፎኑን አንሥቶ «እስቲ እኔ ልሞክረው» ያለ ከመካከላችን ማን ነበር? ማንም! በማግሥቱ ገመዱ ተበጥሶ ተገኘ፤ ተጠገነ። ልጅቷን ግን ማን ጠገናት?

ቤቷ ሩቅ አይደለም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ምሳችሁ እንዳትሄዱ። በሯን አንኳኩ። ስትከፍትላችሁ «ማይኩ ነበር» ብላችሁ እንዳታመልጡ።

እኛ ነን በሏት።