የጨረቃው ይመርና የአራተኛ ፎቁ ይመር

እስቲ ጆሮአችሁን ለአንድ አፍታ አውሱኝ፤ ስጨርስ እንደነበረ እመልሳለሁ።

ደሴ ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋነሽ የምትባል ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏ ይመር ደረጃውን ወርዶ መሬት እንዲረግጥ። ይኸው ነው። ወርቅ አልጠየቀች፣ ቤተ መንግሥት አልጠየቀች።

ይመር ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣ ስንቱን ገደል በሌሊት ያለፈ ሰው ነው። ከአራት ወር በፊት ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ እግሩ ከዳውና ወደቀ፤ ጎረቤቶቹ በብርድ ልብስ አንጠልጥለው ቤቱ አስገቡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከበሩ አልወጣም። ሐኪሟ «ጉልበትዎ ካልሠራ ይደርቃል፤ መጥተው እንቅስቃሴ ይሥሩ» ብትለው ሁለት ቀጠሮ ቀረ። ሦስተኛው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ዛሬም ከቀረ እግሩ እንደ እንጨት ይሆናል ብላለች። 

«ይመር፣ ዛሬ እንኳ እንውረድ» አለችው ከቁርስ በኋላ።

«አልወርድም።»

«ለምን?»

«እሱ መቼ ወረደ?»

«ማን?»

«ይመር ነዋ! ያ ጨረቃ ላይ ጥለሽው የመጣሽው። አንዱን ሰቅለሽ ረስተሽ ሌላውን ታወርጃለሽ? በይ መጀመሪያ የሰቀልሽውን አውርጂ። እሱ የወረደ ቀን እኔም እወርዳለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጃቸው ሐረገወይን ጎንደር ሥራ ስትይዝ አሮጌ ላፕቶፗን ትታላቸው ሄዳ ነበር፤ ላፕቶፑ ውስጥ ደግሞ አንድ የሮኬት ጨዋታ አለ። ሲያዩት ቀላል ነው። ታንከር ትደረድራለህ፣ ከሥሩ ሞተር ትገጥማለህ፣ ከላይ ነጂው የሚቀመጥባትን ጋቢና ትጭናለህ፣ ትለኩሳለህ፤ ይፈነዳል። ሌላ ትሠራለህ፤ ይገለበጣል። ሦስተኛው ላይ ወጥ እሳት ላይ ጥደህ ትረሳለህ። አልጋነሽ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምህዋርን በጠመኔ ስትስል ኖራለች፤ የገባት ግን በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ሮኬቷ መጀመሪያ ጊዜ መሬትን ሲዞር ነው። ለካ መዞር ማለት መውደቅ ነው፤ እየወደቁ መሬቱን መሳት። «ለዚያ ሁሉ ተማሪ ምን ስቀባጥር ኖርኩ!» ብላ አለቀሰች። ከደስታዋ ብዛት ነው።

ይመርም አጠገቧ ወንበር ስቦ ረዳት ሆነላት። «ነዳጅ እየጨረስሽ ነው! ቁልቁለት ነው፣ ያዝ አድርጊ!» እያለ ይጮህባታል። የሮኬቱን ነጂ በስሙ ሰየመችለት። ባለፈው ሳምንት ያንን ይመር ጨረቃ ላይ አሳረፈችው፤ ሁለቱም ተነሥተው አጨበጨቡ። ከዚያ ሲያዩ ታንከሩ ጠብታ የለውም። የጨረቃው ይመር እዚያው አቧራው ላይ እጁን እያውለበለበ ቀረ።

እንግዲህ አልጋነሽ ምን ታድርግ? ላፕቶፑን ከፈተችና የሚያመጣውን ሮኬት መሥራት ያዘች። የመጀመሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። ነዳጅ ጨመረች፤ ከበደ። ሞተር ጨመረች፤ ሞተሩ ነዳጁን ጠጣው። ነዳጅ ጨመረች፤ ከበደ። ወይ ጣጣ! ባዶውን ታንከር በአየር ላይ ነጥሎ የሚጥል አንድ ቁልፍ አለ፤ እሱን ግን አትነካም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ ዕቃ አይጣልም፤ በረንዳዋ ራሱ በባዶ ጀሪካን ተጠቅጥቋል። አንድ ቀን ይመር «ይቺ ቁልፍ የምን ናት?» ቢላት «የአባካኝ ናት» ብላ ዘግታዋለች።

አራተኛው ሮኬት እየተንገዳገደ ደመናውን ሲያልፍ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ድሮ የሞተ ነው፤ ድርግም አለ።

አልጋነሽ ሰባ ሁለቱን ደረጃ ወርዳ ጥበቃው ጋ ሄደች። «ጋሽ ታፈረ፣ እባክዎ ጄኔሬተሩን ያስነሡልኝ። ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ላፕቶፑ አይበራ፤ ላፕቶፑ ካልበራ ሮኬቱ አይሄድ፤ ሮኬቱ ካልሄደ የጨረቃው ይመር አይወርድ፤ የጨረቃው ይመር ካልወረደ የአራተኛ ፎቁ ይመር አይወርድ!»

ታፈረ የገባውም ያልገባውም ነገር ነበር፤ ቢሆንም በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ምን ከፋኝ እትዬ አልጋነሽ። ግን የጄኔሬተሩ ቤት ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሰብሳቢዋ ጋ ነው።»

የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘይነባ የምትኖረው በሌላው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሌላ ሃምሳ አራት ደረጃ። አልጋነሽ እያለከለከች ደረሰች። «ዘይነባ፣ በሞቴ ቁልፉን ስጪኝ። ያለ ቁልፍ ታፈረ አይከፍት፤ ካልተከፈተ ጄኔሬተሩ አይነሣ፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ላፕቶፑ አይበራ፤ ላፕቶፑ ካልበራ ሮኬቱ አይሄድ፤ ሮኬቱ ካልሄደ የጨረቃው ይመር አይወርድ፤ የጨረቃው ይመር ካልወረደ ያ የኔ ግትር አይወርድ!»

«ወላሂ አልሰጥም» አለች ዘይነባ። «ባለፈው ወር ያለ መካኒክ ነካክተውት ግቢውን በጭስ ሲያጥን ዋለ። እንድሪስን ይዘሽ ነይ፤ ያኔ እኔው ራሴ ይዤው እወርዳለሁ። ደግሞ ጨረቃ ላይ ያለው ይመር ማነው? ወንድሙ ነው?»

አልጋነሽ መውረድ ጀምራ ነበር። መንገዱን ተሻግራ እንድሪስ ጋራዥ ገባች። እንድሪስ መኪና ሥር ተጋድሟል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው፤ ለእግሩ ነገረችው። «እንድሪስ፣ ናልኝ። ያለ መካኒክ ዘይነባ ቁልፍ አትሰጥ፤ ያለ ቁልፍ ታፈረ አይከፍት፤ ካልተከፈተ ጄኔሬተሩ አይነሣ፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ላፕቶፑ አይበራ፤ ላፕቶፑ ካልበራ ሮኬቱ አይሄድ፤ ሮኬቱ ካልሄደ የጨረቃው ይመር አይወርድ፤ እሱ ካልወረደ የቤቱ አይወርድ፤ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ እየደረሰ ነው!»

እንድሪስ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። «እትዬ አልጋነሽ፣ አልዋሽዎትም፣ ያንን ጄኔሬተር እኔ አላውቀውም። ሞተሩ ከድሮ ጭነት መኪና የወጣ ነው፤ እኔ ሳልወለድ የተሠራ። ጠባዩን የሚያውቅ በዚህ ሰፈር አንድ ሰው ነው ያለው።»

«ተመስገን! ማነው? የት ነው የሚኖረው?»

«ጋሽ ይመር ናቸዋ። እሳቸው ካልወረዱ እጄን አላስገባበትም።»

አልጋነሽ የጋራዡ አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ቆጠረችው፤ ለራሷ፣ በጣቷ። ያለ ይመር እንድሪስ አይነካ፤ ያለ እንድሪስ ዘይነባ ቁልፍ አትሰጥ፤ ያለ ቁልፍ ታፈረ አይከፍት፤ ካልተከፈተ ጄኔሬተሩ አይነሣ፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ላፕቶፑ አይበራ፤ ላፕቶፑ ካልበራ ሮኬቱ አይሄድ፤ ሮኬቱ ካልሄደ የጨረቃው ይመር አይወርድ፤ የጨረቃው ይመር ካልወረደ ይመር አይወርድ። ይመርን ለማውረድ ይመር መውረድ አለበት። ሳቋም መጣ፣ እንባዋም መጣ፤ ከሁለቱ ግን ንዴቷ ቀደመ።

«ተነሥ!» አለችው እንድሪስን፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ በምታስነሣበት ድምፅ። «ና፣ ንካው። ቢፈነዳም ይፈንዳ፤ ፍንዳታ ለምጃለሁ።»

እንድሪስ መጣ፤ ዘይነባ መካኒክ አይታ ቁልፉን ይዛ ወረደች፤ ታፈረ ከፈተ። እንድሪስ እየፈራ አስነሣው። ሞተሩ ኽርርር፣ ኽርርር፣ ቱፍ ብሎ ጥቁር ጭስ ተፋና ጸጥ አለ። ደገመው። ኽርርር፣ ቱፍ።

ከላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት ተበርግዶ ተከፈተ። «ተው! አንተ ልጅ፣ ተው!»

«ምን አጠፋሁ ጋሽ ይመር?»

«አፍነኸዋል! አትሰማም እንዴ ሲያቃስት?»

እንድሪስ ሌላ ነገር ነካ። ኽርርር፣ ኽርርር፣ ኽርርር።

«ኧረ እንደሱ አይደለም! ኧረ በሕግ! ሞተር ገዳይ! ቆይ፣ እጅህን አንሣ፣ ቆይ!» መስኮቱ ላይ የነበረው ራስ ጠፋ።

ከዚያ ከደረጃው የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ቋ። ቋ። በየመሐሉ ስድብ አለ። «የዛሬ ልጆች!» ቋ። «ኮምፒውተር ሰክተው ነው ሞተር የሚሠሩት!» ቋ። ሦስተኛ ፎቅን አለፈ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ስድቡም ቆመ። ያ የወደቀበት ቦታ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው ዞረ። አልጋነሽ ሮጣ ልትወጣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ፣ እንደገና መለሰችው። እጇን ብትሰጠው ያ ብርድ ልብስ ትዝ እንደሚለው አውቃለች። ፈራች፤ ግን ቆመች።

ቋ።

ይመር በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ማንንም ሳያይ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ ጄኔሬተሩ ቤት ገባ። «ማነው ይሄን ሁሉ ጀሪካን እዚህ የቆለለው? መተንፈሻውን ደፍናችሁበት! በምን ይተንፍስ?»

ሁሉም አለበት። የዘይነባ ሦስት፣ የታፈረ አንድ፣ የአልጋነሽም ሁለት ባዶ ጀሪካን እዚያ ነበር። ተሸክመው አወጡት። ይመር ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠበቅ፣ አንድ ነገር ላላ አደረገና «በል አሁን» አለው እንድሪስን። ሞተሩ በአንዴ ተነሣ።

«ይመር» አለች አልጋነሽ ቀስ ብላ፣ «ወረድክ እኮ።»

ይመር ግራና ቀኙን አየ። መሬቱን አየ። «አልወረድኩም» አለ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «ሞተር ልሠራ ነው የመጣሁ። እሱ ሳይወርድማ እንዴት እወርዳለሁ? ቃል ቃል ነው።»

ኧረ የግትር ያለህ! አልጋነሽ ሰባ ሁለቱን ደረጃ ወጥታ፣ ላፕቶፑን ታቅፋ፣ ሰባ ሁለቱን ደረጃ ወርዳ፣ ጄኔሬተሩ በር ላይ ሰካችው። ይመር የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ከኋላው ተኮለኮሉ። አምስተኛው ሮኬት ተነሣ፤ እየተንገዳገደ ደመናውን አለፈ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ይለግም ጀመር።

ይመር ሮኬቱን አየ። ዞሮ ከበሩ የወጣውን የጀሪካን ክምር አየ። «አልጋነሽ፣ ያቺ የአባካኝ ቁልፍ የታለች?»

«አይሆንም! ዕቃ ነው እኮ!»

«ባዶ ነው!»

«ቢሆንስ!»

«ባዶ ተሳቢ እየጎተቱ ዳገት አይወጣም! ጣይው!»

አልጋነሽ ዓይኗን ጨፍና ነካችው። ባዶዎቹ ታንከሮች ተነጥለው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሮኬቱም ከእስር እንደተፈታ ጥጃ ዘለለ። ዘይነባ እልል አለች፤ እስካሁንም ወንድሙ መስሏታል።

ጨዋታው ሰዓትን ማፍጠን ይችላል፤ የሦስት ቀን መንገድ በትንሽ ጊዜ አለቀ። ሲጠብቁ አልጋነሽ ወደ ባሏ ጠጋ አለች። «ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመህ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ፈራህ?»

«ፈራሁ» አለ ይመር ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሣ። «በጣም ፈራሁ። ግን ያ ልጅ ሞተሩን ሊገድለው ነበር።»

ከዚያማ ሁሉም ተፈታ። ይመር ወርዶ እንድሪስ ነካ፤ እንድሪስ መጥቶ ዘይነባ ቁልፍ ሰጠች፤ ቁልፍ መጥቶ ታፈረ ከፈተ፤ ተከፍቶ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ላፕቶፑ በራ፤ ላፕቶፑ በርቶ ሮኬቱ ሄደ፤ ሮኬቱ ሄዶ የጨረቃውን ይመር ከአቧራው አንሥቶ አመጣው። የጋቢናዋ ዣንጥላ ተከፈተ። ባሕሩ እየቀረበ ሲመጣ የይመር ቀኝ እግር፣ ያ የታመመው፣ የሌለ ፍሬን ረገጠ። የጨረቃው ይመር ባሕሩ ላይ ቀስ ብሎ አረፈ።

«አሁን ወረድኩ» አለ ይመር። ምርኩዙን ይዞ ተነሣ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ከአልጋነሽ ጋር በባጃጅ ወደ ሐኪሟ ሄዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሱ። አልጋነሽ ታፈረ ጋ ያስቀመጠችውን ላፕቶፕ ተቀብላ ደረጃው ሥር ስትደርስ ይመር ቆመ።

«አልወጣም» አለ።

«ደግሞ ለምን?»

«እሱ ወጣ?»

አልጋነሽ ደረጃውን ወደ ላይ አየች። ዛሬ ስንት ሰባ ሁለት እንደወጣች ለመቁጠር ሞከረችና ተወችው። የጨረቃውን ይመር ከነላፕቶፑ ብብቷ ሥር አድርጋ መውጣት ጀመረች። አንደኛ ፎቅን አለፈች። ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቀስ አለች፤ ከሥሯ ምርኩዙ ቋ፣ ቋ እያለ ይመጣል።

እኔ ግን ደከመኝ፤ ደረጃው ብዙ ነው። እንኩ ጆሮአችሁን።