ከነጠረጴዛው የሚጓዘው ኮምፒውተር

ኢንጂነር ጌጡ ደምሰው የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። የጻፉት ትልቅ ፕሮግራም ከገዛ ቢሯቸው ኮምፒውተር በቀር በሌላ በየትም አይሠራም። ስለዚህ ለእንግዳ ሊታይ በተፈለገ ቁጥር፣ አንድ ገመድ ከተነካ ይበላሻል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ኮምፒውተሩ ከነጠረጴዛው በአራት ጥበቃዎች ትከሻ ይጓዛል። "እስቲ እንፈትሸው" የሚል ከመጣ፣ ኢንጂነሩ "እንዳትነኩት" ይላሉ።

በእሳቸው ሥር ያለች አንዲት ፕሮግራመር ደግሞ ላይብረሪ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ብቻ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ትጽፋለች። አንዱ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ይለውጣል፣ አንዱ ስም በፊደል ተራ ይደረድራል። እያንዳንዱ ለብቻው ተፈትሾ በማንም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።

አንድ ቀን ከየክልሉ እንግዶች መጡ። ጥበቃዎቹ እያለከለኩ ጠረጴዛውን አዳራሹ መሐል አሳረፉት። እሷ ግን በኪሷ ፍላሽ ይዛ ገባችና ሥራዋን በእንግዶቹ በራሳቸው ላፕቶፕ አሳየች። ሁሉም እሷን ከበው መቆማቸው ኢንጂነሩን አንገበገባቸው።

"ይሄ ፍርፋሪ ከእኔ ሥራ ሊወዳደር ነው?" አሏት። "የእኔ እንደሚበልጥ አሁኑኑ ለእንግዶቹ ተናገሪ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ።"

"ይበልጣል እንጂ ኢንጂነር፣ ምን ጥያቄ አለው" አለች ረጋ ብላ። "የእኔዎቹ ተራ ናቸው፤ የትም በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ማንም ይነካካቸዋል። የእርስዎ ግን የተከበረ ነው። በአራት ሰው ትከሻ የሚሄድ፣ እንዳይነካም የሚጠበቅ ነገር እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት አስከሬን ብቻ ነው።"

ይሄኔ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።