ካልቀዘቀዝኩ አልሰለፍም ያለው ክሪስታል

ተረት ልንገራችሁ፤ ላምም የለበት፣ በረትም የለበት። ሶስና የምትባል ተመራማሪ ነበረች፤ ከሩቅ አገር የተዋሰችው፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ክሪስታል ነበራት። በውስጡ ዓይን የማያያቸው ማግኔቶች ሞልተዋል። ሲሞቃቸው ሁሉም ወደየፊናው ይዞራል፤ በደንብ ሲቀዘቅዙ ግን ድንገት ይሰለፋሉ። ያኔ በኤሌክትሪክ ቢነኳቸው ሰልፉ እንዳለ ፊቱን ያዞራል ብላ ሶስና ዓመታት ተሟግታለች። ክሪስታሉ ማታ ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል፤ ዛሬ ካላየች ድካሟን ሁሉ ውሃ በላው።

ክሪስታሉን ተሰለፍ አለችው። ካልቀዘቀዝኩ አልሰለፍም አለ።

ማቀዝቀዣውን አቀዝቅዝልኝ፣ ክሪስታሉ አልሰለፍ ብሏል አለችው። ውሃ ካልደረሰኝ አላቀዘቅዝም አለ። ምን ያድርግ፣ እሱም ሲሠራ ይግላል።

ቧንቧውን ውሃ ስጠኝ፣ ማቀዝቀዣው አላቀዘቅዝ ብሏል፣ ክሪስታሉ አልሰለፍ ብሏል አለችው። ጋሽ ወርዶፋ ካልከፈቱኝ አልሰጥም አለ። በዚያ ግቢ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ዋናውን ቧንቧ የሚከፍቱት ጥበቃው ጋሽ ወርዶፋ ብቻ ናቸው።

ሶስና እየሮጠች ወደ በሩ ሄደች። ጋሽ ወርዶፋ፣ ይክፈቱልኝ፤ ቧንቧው አልሰጥ ብሏል፣ ማቀዝቀዣው አላቀዘቅዝ ብሏል፣ ክሪስታሉ አልሰለፍ ብሏል አለቻቸው። እሳቸው ቀና ብለውም አላዩዋት።

«ወንድሜን ቀብሬ ከተመለስኩ ሰነበትኩ» አሉ። «የግቢው ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናዎት አለኝ። አንቺ ግን ጠዋት ማታ ባጠገቤ ታልፊያለሽ።»

ሶስና አፈረች። መርዶውን ሰምታ ነበር እኮ፤ ክሪስታሉ ነው ያስረሳት። ሰዓቱ እየሄደባት፣ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሽ ወርዶፋ። ምን አግኝቷቸው ነው?»

ስለ ወንድማቸው ብዙ አወሩላት። እሷም ስለ ክሪስታሉ ዳግመኛ አላነሳችም፤ የእውነት ረስታው ነበር። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉና ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡ።

ጋሽ ወርዶፋ ቧንቧውን ከፈቱ፤ ቧንቧው ውሃ ሰጠ፤ ውሃው ማቀዝቀዣውን አበረደ፤ ማቀዝቀዣው ክሪስታሉን አቀዘቀዘ። አንዷ ማግኔት ዞረች፣ ጎረቤቷን አዞረች፣ ጎረቤቷም ጎረቤቷን፤ ክሪስታሉ ተሰለፈ። ኤሌክትሪኩን ስትለቅበት ሰልፉ እንዳለ ፊቱን አዞረ።

ሶስና ለማን ልንገር ብላ አላሰበችም። ወደ በሩ ሮጠች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትወጡ ደግሞ በሩ ላይ ያሉትን ሰው ሰላም በሉልኝ።