ዝሆንና ጉማሬ ጎተራቸውን ሲያዋህዱ

ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ፤ ተረቱ ከእናንተ ገበያ አይርቅም።

በድሮ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ እህል ገዝቶ በሚበላበት ዘመን፣ ሁለት ትልልቅ ነጋዴዎች ነበሩ። የዝሆን ጎተራ በገበያው ራስጌ፣ የጉማሬ ጎተራ በግርጌው ነበር። እመት ቆቅ ክረምት በመጣ ቁጥር ለጫጩቶቿ ማሽላ ትገዛለች፤ የምትከፍለውም በእንቁላሏ ነው። የምትከፍለው እንቁላል ሁሉ ያልተፈለፈለ ልጇ ነውና አጥብቃ ትከራከራለች።

«አያ ዝሆን፣ ቁናው ስንት ነው?»

«ሦስት እንቁላል።»

«በሁለት።»

«ሦስት አልኩሽ!»

ቆቅ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጉማሬ ታዘግማለች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፤ በሦስተኛው ዝሆን ይጮሃል፦ «ነይ እንጂ አንቺ! ቀልድም አታውቂ? በሁለት ውሰጂ!»

ጉማሬም ዘንድ እንዲሁ ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱ ነጋዴዎች አንበሳ ፊት ቀረቡ። «ጎተራችንን እናዋህድ። አንድ ጎተራ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ በር። ወጪው ሲቀንስ ዋጋውም ይቀንሳል» አሉ። አውሬው አጨበጨበ።

ቆቅ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ከአንዱ በር ፊቴን ሳዞር ወዴት ልሂድ?»

ዝንጀሮ በሳቅ ተንከባለለ። «ቤትሽ ሂጂያ!»

ጉባኤው ሁሉ ሳቀ።

«ዋጋ የሚቀንሱልኝ እኮ ወደው አይደለም፤ አንዱ አንዱን ፈርቶ ነው» አለች።

«እኛ ስንፋቀር አንቺን ምን አንገበገበሽ?» አላት ጉማሬ።

አንበሳ ጥቂት አሰበ። ማሽላ ገዝቶ አያውቅምና ነገሩ አልከበደውም። «ፍቅርን ማን ይከለክላል? ይዋሃዱ» ብሎ ፈረደ።

ክረምት ገባ። ዝሆን ሦስት እንቁላል ጠራ። ቆቅ ጀርባዋን ሰጠች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ። የጠራት የለም። ላባዋን የምታራግፍ መስላ ቆመች። አሁንም የለም። የግርጌው በር ተዘግቶ ሸረሪት አድርቶበታል፤ ጉማሬ ከዝሆን ጎን ተቀምጦ ያዛጋል። ጫጩቶቿ አልበሉምና ራሷ ተመለሰች።

«እሺ፣ በሦስት።»

«እሱ ቅድም ነበር» አለ ዝሆን። «አሁን አራት ነው።»

የዚያ ዓመት እንቁላሏ በሙሉ አራት ነበር። ሰጠች።

ስትወጣ ዝንጀሮን ባዶ ስልቻውን ታቅፎ ተሰልፎ አገኘችው። «አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ እንደሚሆን ካወቅሽ ምነው ያኔ ጠበቅ አድርገሽ ብትናገሪ?» ብሎ ተቆጣት።

«ተናግሬ ነበር፣ አያ ዝንጀሮ» አለች ቆቅ። «ሳቅህ በልጦኝ ነው።»

እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ፤ እናንተ ይህን ያዙ፦ ሁለት በር ያለው ገበያ ይለምናል፤ አንድ በር ያለው ያስለምናል።